አባቴ ድምፁን የጨመረ ዕለት

የልጅ ልጄ ድምፁን ጨመረችው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው የድምፅ መስመር ዳር ደረሰች፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላትም። ጆሮዬ የሚገባው ግን ያው ነው። ከሩቅ፣ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አሸዋ የሚበትኑ ይመስላል።

«አሁንስ፣ አባባ?»

መለስኩላት። አልሰማችኝም።

«እጅህን ከአፍህ ላይ አውርድ እንጂ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነህ።»

አወረድኩና አይሰማም አልኳት።

ጥፋቱ የማዳመጫው ነው አለች። የሷን ትንሿን ላድርግልህ ብትለኝ እምቢ አልኩ። ራሴ ላይ ያለው የአባቴ ማዳመጫ ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ የብረት ቅስት ያለው፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ቆዳ ሲሰነጣጠቅ እኔው በጨርቅ ያለበስኩት። ድምፁ የተቀረጸበትም የቴፕ ክር የአባቴ ነው። ስንት ዘመን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት ማጫወቻ ስለጠፋ ነው እል ነበር። ማጫወቻ ግን ፈልጌም አላውቅም። ልጅቷ ናት አሮጌ ክር ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው አግኝታ ያስገለበጠችው።

ማዳመጫውን አገላብጣ አየችው። ድሮ የተሠራው ትልቅ ማሽን እንዲነዳው ነው፤ የኮምፒውተሩ ጉልበት አይበቃውም አለች። «ይሄ ማለት እኮ የጭነት መኪና በብስክሌት መጎተት ነው።» ጓደኛዋ ዘፈን ይቀርጻል፤ ድምፅ የሚያጎላ ትንሽ አምፕሊፋየር ስላለው ልዋስ ብላ ወጣች። እኔ ማዳመጫውን ራሴ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። ምንም በማይናገር ማዳመጫ ውስጥ የሚሰማው የራስ ደም ነው።

አባቴ የሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ተቆጣጣሪ ነበር። የተቀረጸ ነገር ሁሉ ወደ አየር ከመውጣቱ በፊት በሱ ጆሮ ያልፋል። ያስነጠሰ ካለ ይቆርጠዋል፤ ወረቀት ያንኮሻኮሸ ካለ ይቆርጠዋል። አንድ ቀን ሥራ ቦታው ወስዶኛል። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ግድግዳው ጆንያ በመሰለ ጨርቅ ተለብጧል። ጠረጴዛው ላይ በትንሽ መስታወት ውስጥ የምትዘል መርፌ አለች፤ ድምፁ ሲበዛ ቀዩ ውስጥ ትገባለች። ማዞሪያውን ይዤ ወደ ቀኝ ልጠመዝዝ ስል እጄን ያዘኝ።

«ከመጨመርህ በፊት አጥራ» አለኝ። «ስትጨምር ቆሻሻውም አብሮ ይጨምራል።»

ከዚያ አሳየኝ። መሰኪያውን ነቅሎ ጫፉን አልኮል በነካ ጥጥ ጠረገ። ሽቦው የተጣመመበትን አቃና። ከምንጩ የሚመጣውን ቀነሰ። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተሰማ ብቻ ማዞሪያውን በጣቱ ጫፍ ነካ ያደርገዋል፤ ወጥ ላይ ጨው እንደሚጨምር ሰው። ጩኸት የሰነፍ መድኃኒት ነው ይል ነበር።

ቤታችን ውስጥ ጩኸቱ እኔ ነበርኩ። አፌ አያርፍም። በግቢያችን የጣቢያው ሾፌር ከነቤተሰቡ ይኖር ነበርና «ሬዲዮ» ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። መኪናውን እያጠበ «ሬዲዮ፣ ዛሬ ዜና የለም?» ይለኛል። እኔም የቤታችንን ውሎ እዘረግፍለታለሁ፤ ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተሰበረ፣ እናቴ ማንን እንደተቆጣች። ባልዲውን ገልብጦ ይቀመጥና ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ማስታወቂያስ?» ይለኛል። ማስታወቂያም አልነሳውም። እናቴን ግን ይህ ነገር አያስቃትም ነበር። ከበሩ ላይ ሆና ስትጠራኝ ድምፅዋ ይለወጣል። እኔ በሾፌሩ ቀንታ ነው እል ነበር።

ሦስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት እናቴ መጮህ ጀመረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከግቢው በር ድምፅዋ ይቀበለኛል። «ውሃው ፈላ አልኩህ! ሰው መጥቷል አልኩህ እኮ!» አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ይመልሳል ወይም ዝም ይላል። የሾፌሩ ሚስት ልብስ እያሰጣች ከንፈሯን ትመጥጣለች። ተጣልተዋል አልኩ። ቢለያዩ ከማን ጋር እንደምሄድ ሳይቀር አስቤ ጨርሼ ነበር። ከእናቴ ጋር ነው፤ የአባቴ ቤት ጸጥ የሚል መሰለኝ።

አልተጣሉም ነበር። የአባቴ ግራ ጆሮ ደክሞ ቀኙም እየተከተለው ነበር። ድምፅ የሚቆጣጠር ሰው ጆሮው ከዳው ማለት ሠዓሊ ዓይኑ ጠፋ ማለት ነው። ጣቢያው ቢያውቅ በማግስቱ ከወንበሩ ይነሳል። ስለዚህ ሥራ ቦታ መርፌዋን እያየ ይሠራ ነበር፤ በጆሮው ያጣውን በዓይኑ ያነብባል። ቤት ግን መርፌ የለም። ቤት ያለነው እኔና እናቴ ነን።

አንድ ቀን ከጣቢያው የተጣለ የቴፕ መቅረጫ ተሸክሞ መጣ። ሳምንት ያህል ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ሲጠግን ሰነበተ። ከዚያ የመብል ጠረጴዛው አጠገብ፣ ከወንበሩ ጀርባ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ማዳመጫውን ሰካ፤ ራሱ ላይ አደረገ፤ መብል ቀረበ። የእናቴ ጩኸት በዚያው ቀን ቆመ።

ያኔ ለኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጆሮውን ደፈነ። የሌላ ሰው አባት በጋዜጣ ይጋረዳል፤ የኔ ማዳመጫ አጠለቀ። እናቴን ምን እየሰማ ነው ብላት፣ ለሥራው ነው፣ አትንካበት አለችኝ። እኛ ስንበላ ክሩ ከኋላው ይዞራል፤ አንዱ ጥቅል ይወፍራል፣ አንዱ ይሳሳል። አባቴ እያኘከ አፌን ያየኛል። ዓይኔን አይደለም፣ አፌን። ስኳር ሰርቄ እንደሆነ የሚመረምር መስሎኝ በእጅጌዬ እጠርግ ነበር።

አንድ ደግ ነገር ነበር። የዳቦው ቅርጫት ሁልጊዜ ወደ እኔ ይገፋል። ድሮ መሐል ላይ ይቀመጥ የነበረው አሁን አፍንጫዬ ሥር ሆነ። እናቴ ትገፋዋለች፤ ወደ ኋላ ከመለስኩት አባቴ ይገፋዋል። ቢያንስ ዳቦ አይነፍጉኝም አልኩ።

በነዚያ ቀናት ነው በግማሽ ገርበብ ካለ በር ጀርባ ንግግራቸውን የሰማሁት። እናቴ ልጁ እንዳያውቅ ትላለች፤ አፉ አያርፍም፣ ሾፌሩ ጋ ከደረሰ አለቀልን። አባቴ ይስቃል። ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል።

«አሁን እኮ ሁሉንም እሰማዋለሁ» አላት። «አንድ ቃል አያመልጠኝም።»

ያን ሳቅ ዛሬ ሳስበው የደስታ ነው። ያኔ ግን ዛቻ ሆኖ ነው የገባኝ። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም፤ ብቻ ፈራሁ።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ምሳ ላይ ለእናቴ በሹክሹክታ አንድ ነገር ነገርኳት። አባቴ አጎንብሶ ይበላል፤ ማዳመጫው ራሱ ላይ ነው። የሾፌሩ ልጆች አባታቸው ያጫውታቸዋል፤ ያስቃቸዋል፤ የኛ ለምን ያን ነገር ደፍቶ ይቀመጣል፤ ሾፌሩ አባቴ ቢሆን ይሻለኝ ነበር አልኳት። እናቴ ደነገጠች። ብላ ብቻ አለችኝ። አባቴ ሹካውን ማስቀመጡን አስታውሳለሁ። ጠግቦ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ አባቴ ቀልድ ይዞ መጣ። መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ መነጽሩን ሲፈልግ የዋለ ሰውዬ ነው። ጮክ ብሎ ጀመረ፤ መነጽሩ የት እንደተገኘ አስቀድሞ ተናገረና ወደ ኋላ ተመለሰ። እናቴ ከሚገባው በላይ ሳቀች። እኔ ምን እንደገጠመው ስላልገባኝ አልሳቅሁም። እሱ ጨርሶ አፌን እያየ ቆየ።

ማይክራፎን ያገኘሁት በዕረፍት ቀን ነው። እናቴ ጓሮ ነበረች። ራበኝና የዳቦውን ጨርቅ ገለጥኩ። ዳቦ የለም፤ ከሥር ሌላ ጨርቅ አለ። እሱንም ገለጥኩ። ራሱ ወንፊት የመሰለ ቀዝቃዛ ብረት ነው። ሽቦው በቅርጫቱ ሽንቁር ወጥቶ፣ በጠረጴዛው እግር ወርዶ፣ ምንጣፍ ሥር ለሥር ሄዶ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ምን እንደሆነ ጣቢያው ውስጥ አባቴ ራሱ አሳይቶኛል። የሚሰማው ይህ ነው፣ የሚይዘው ክሩ ነው ብሎኛል።

ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገጠመ። ቅርጫቱ ወደ እኔ የሚገፋው ለዳቦ አይደለም። አባቴ የሚያየው አፌን ነው። «አንድ ቃል አያመልጠኝም» ብሏል። ስለ ሾፌሩ ያልኩትን ሰምቷል፤ ቀልዱም ሰምቼሃለሁ ለማለት ነው። የተናገርኩት ሁሉ ክር ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አንድ ቀን አውጥተው ይቆጥሩብኛል። ጨርቁን እንደነበረ መለስኩ። ረሃቤን ረሳሁት።

እናቴ ነገሩን የነገረችኝ አባቴ ከሞተ በኋላ ነው፤ እኔም ያኔ ልጆች ወልጄ ነበር። ማሽኑ መስሚያው ነበር አለችኝ፤ ማይክራፎኑ ይሰማል፣ ማሽኑ ያጎላል፣ እሱ በማዳመጫው ያገኘናል። እኔም ጉሮሮዬ ሳይደርቅ ቀስ ብዬ አዋራው ነበር አለች። ያ ዓይነት ማሽን ማይክራፎኑን ወደ ጆሮ የሚያሳልፈው እየቀረጸ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ክሩ ይዞር ነበር። ሲያልቅ መልሶ አጠንጥኖ በዚያው ላይ ይቀርጽበታል፤ የቀረጸውን ለማንም አያሰማም፣ ለራሱም። ሰው ሲመጣ እንዳይታይ ነው ቅርጫት ውስጥ የገባው። «አንተ ምን መስሎህ ነበር?» አለችኝ። እጄ አፌ ላይ ነበር።

ማይክራፎኑን ካገኘሁበት ከዚያ የዕረፍት ቀን ጀምሮ አፌን ዘጋሁ። ዛሬ ምን ተማራችሁ ስባል ምንም እላለሁ። ማን መታህ፣ ማንም። የግድ መናገር ካለብኝ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ወደ ጉልበቴ እናገራለሁ፤ አባቴ እንዳያየኝ፣ ቅርጫቱም እንዳይሰማኝ። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች፤ ምላሴን አስወጥታ አየች። ሾፌሩ በልጆቹ ፊት «ሬዲዮ ባትሪ ጨርሷል እንዴ?» አለና ጆሮዬን እንደ ማዞሪያ ጠመዘዘው። ለሱም ዜናውን ተውኩት። የሱ ሚስት እንኳ ምነው ልጁ፣ ምን ነካው አለች።

አባቴ ከሥራ እንደመጣ ማሽኑን ይፈታል። መሰኪያውን በአልኮል ይጠርጋል። ሽቦውን ቀየረ። ማይክራፎኑን ከእናቴ ጋር እየሞከረ፣ እሷ አንድ ሁለት እያለችለት ራሱን ይነቀንቃል፤ ይሰማል፤ ምሳ ላይ ግን የኔ ድምፅ የለም። እንደገና ይፈታል። እኔ በመስኮት እያየሁ ወጥመዱን እየሳለ ነው እል ነበር። እሱ ግን ከመጨመሩ በፊት እያጠራ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ጣቢያው ላይ ነገር ተበላሸ። ከሥሩ እምምም የሚል ድምፅ ያለበት ቅጂ በአባቴ እጅ አልፎ አየር ላይ ዋለ። እንዲህ ያለውን ቀጭን ነገር መርፌዋ ለይታ አታሳይም፤ ለጆሮ ብቻ ነው። የበላይ ሰዎች ሰሙት። አባቴን ፈትነው የቴፕ መጋዘን ውስጥ መደቡት፤ ክር ያወጣል፣ ክር ይመልሳል። ያን ጊዜ ጆሮው ደክሟል ሲባል እኔም ሰማሁ። ከማሽኑ ጋር ግን አላገናኘሁትም። ሰው ሲያደምጥ ኖሮ ደነቆረ፣ ደግ አደረገው አልኩ። የልጅ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

ሾፌሩን ካረጀ በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘሁት። ስለ አባቴ አነሳ። ጣቢያው ውስጥ ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ከበላዮቹ በቀር አለኝ። ስንፈልገው ፊት ለፊቱ ዞረን ነበር የምናወራው፤ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ቀስ ብለን። እሱ እንደምናውቅ እንዳያውቅ ደግሞ እንጠነቀቅ ነበር። «አባትህ እኮ በዓይኑ የሚሰማ ሰው ነበር» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። ምስጢሩ ከኔ የተደበቀው ከሾፌሩ እንዲሸሸግ ነበር። ሾፌሩ ቀድሞ ያውቀው ነበር።

አባቴ መጋዘን ከገባ በኋላ ማሽኑን ከመደርደሪያው አወረደው። ቅርጫቱ ወደ መሐል ተመለሰ። እኔ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አንድ ቤት ኖርን። በእጅ ምልክት ግባ፣ ውጣ፣ ብላ እንባባላለን። ሥራ አግኝቼ ስወጣ በር ድረስ ሸኝቶኝ አፌን አየ። ደህና ሁን አልኩት። ወደ መሬት እያየሁ ነው ያልኩት።

የልጅ ልጄ ሳሙና የምታክል የአምፕሊፋየር ሣጥን ይዛ ተመለሰች። በኮምፒውተሩና በማዳመጫው መሐል ሰካቻት። ወዲያው ልትጨምር ስትል ቆይ አልኳት። አልኮልና ጥጥ አስመጣሁ። መሰኪያውን ጠረግሁ፤ ጥጡ ጠቆረ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ድምፅ ያሳምራል የተባለውን ሁሉ እንድታጠፋው ነገርኳት። የኮምፒውተሩን ድምፅ ቀነሰች፤ ሽ የሚለውን ከላይ ቆረጠችለት፤ የቀረውን በሣጥኗ ማዞሪያ ትንሽ ገፋ አደረገች። በሌላ ቀዳዳ የራሷንም ማዳመጫ ሰካች።

«ማን አስተማረህ?» አለችኝ።

ሹካ ሳህን ነካ። እዚሁ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስላል። ወንበር ተጎተተ። እናቴ፣ ወጣት ናት፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ አለች። ጸጥታ። ከእጅ ጀርባ የሚወጣ የልጅ ድምፅ «ምንም» አለ። ቅርጫቱ ጠረጴዛው ላይ ተገፋ፤ ማይክራፎኑ ውስጡ ስላለ ድንጋይ የሚጎትቱ ይመስላል። ሩጫ፤ በር።

ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ራሱን ስለማይሰማ ጮክ ያለ ነው።

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም» አለች እናቴ።

«አይ፣ ብሏል። እሱ ዝም የሚል ልጅ አይደለም። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ድምፁ ተቋረጠና እንደገና ጀመረ፤ ሌላ ቀን ነው። ማንም አይናገርም። ግድግዳ ላይ ሰዓት አለ። ውጪ ባልዲ ይንኳኳል፤ ሾፌሩ መኪና እያጠበ ይሆናል። ቅርብ፣ በጣም ቅርብ፣ አንድ ልጅ ዳቦ ያኝካል። ይውጣል። በአፍንጫው ይተነፍሳል። ከሥር ሽ የሚለው ድምፅ መነሳት ጀመረ። ሰዓቱ ጎላ። ባልዲው ጎላ። ማኘኩ ኮረት የሚፈጩ እስኪመስል ጎላ።

«አባባ፣ እኔ አልነካሁትም» አለች ልጅቷ። ሁለት እጇን አንስታ አሳየችኝ። «ሲቀረጽ ነው። ማሽኑ ጋ ያለው ሰው እየጨመረ ነው። ልቀንሰው?»

ተይው አልኳት።

ይጨምራል። ሰዓቱ ተሰነጠቀ። መርፌዋ ቀዩን አልፋ መጨረሻ ላይ ተጣብቃ ትታየኛለች፤ ያ ሰው ጣቱን ማዞሪያው ላይ አድርጎ፣ አፌን እያየ፣ ገና ይገፋል። ድምፅ እንደ ጨው የሚጨምረው ሰው። ልጁ አኝኮ ዋጠ፤ ከወንበሩ ወረደ፤ ሄደ። ሽ የሚለው ብቻ ቀረ፤ እሱም ጠረጴዛው ሲጸዳ እንኳ አልተቀነሰም። ከዚያ ማዞሪያው ዳር ነክቶ ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም።

ልጅቷ ማዳመጫዋን አወለቀች።

«ምንም የለም እኮ። ምን ሊሰማ ነው እንዲህ የሚጨምረው?» አለችኝ።

እጄ አፌ ላይ ነበር። አወረድኩት። ወንበሬን ወደሷ አዞርኩና ታሪኩን ከቅርጫቱ ጀመርኩላት።